ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱን ብቻ

ስቱዲዮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው «አልወደድነውም» ከባድ ቃል ነው። ምኑን እንዳልወደዱት አይነግርህማ! ሳሪስ አካባቢ በምሠራባት ትንሽ ስቱዲዮ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን። የዚህኛው ግን ከነከነኝ፤ የለፋሁበት ሥራ ነበር።

ባንዱ ክራር፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታርና አንዲት ድምፃዊት ያሉበት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ እየተያዩ፣ አብረው ተጫወቱና በአንዴ ቀዳናቸው። እንደዚያ ይሁን ያሉትም ራሳቸው ናቸው። ሚክሱን፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኜ ያቀላቀልኩትን፣ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ማታ መልሱ መጣ፤ «ሁላችንም ሰምተነዋል፣ አልወደድነውም።»

የስቱዲዮው ባለቤት ጠዋት ሲሰማ ወዲያው ፈረደ። «በቃ አፍርሰውና እንደገና ይግቡ። እያንዳንዳቸውን ለየብቻ በክሊክ፣ ምት በሚቆጥር ድምፅ፣ እንቅዳቸው፣ ድምጿን አውቶቱን እናድርገው፣ በኮምፒውተር ቃናዋን እናስተካክለው፣ ከበሮውንም በኪቦርድ እንተካው» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ደንበኛ እንዳይሄድበት ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። «ከበሮውን በኪቦርድ» ሲል ግን ሆዴ ተላወሰ። የዚያ ልጅ ከበሮ ሲመታ ክፍሉ አብሮ ይመልሳል፤ መዳፉ ቆዳው ላይ ሲያርፍና ሲነሳ ለየብቻ ይሰማል። ይህንን ከየትኛው ኪቦርድ ታመጣዋለህ?

«ጋሼ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» አልኩት። እሺ አለ።

ያን ቀን የለመንኩት አንድ አልበም በደንብ ስለማውቅ ነው። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ፣ የኒርቫናን «ኢን ዩቴሮ»።

ኒርቫናን ዓለም ያወቀው በ1991 በወጣው «ኔቨርማይንድ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያ አልበም ሚክሱ ያብረቀርቃል፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። የባንዱ ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ግን በኋላ ከልክ በላይ ተወልውሏል እያለ ያማርር ነበር። ስለዚህ ለሚቀጥለው አልበም፣ ለ«ኢን ዩቴሮ»፣ ስቲቭ አልቢኒን ፈለገ፤ ኮቤይን በጣም የሚወደውን የ1988ቱን የፒክሲስ ባንድ አልበም «ሰርፈር ሮዛ» የቀዳውን ሰው። በ1993 ፌብሩዋሪ ላይ ሚኒሶታ ገቡ። ዛሬ ብዙ ሀበሻ የሚኖርበት ግዛት ነው፣ እነሱ የገቡት ግን ከከተማ ራቅ ብሎ ካነን ፎልስ አጠገብ ጫካ ውስጥ ወዳለ ፓኪደርም የሚባል ስቱዲዮ ነው። በሁለት ሳምንት ገደማ ጨርሰው ወጡ።

አልቢኒ ለባንዱ አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ፕሮዲዩሰር አትበሉኝ፣ እኔ የምቀዳ ሰው ነኝ፣ ከሽያጩም ፐርሰንት አልወስድም፣ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ የሥራዬን ክፈሉኝ፣ ሥራው የእናንተ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። 100,000 ዶላር ቁርጥ ተቀበለ፣ በቃ። ያን ያህል ይሸጣል ተብሎ ከሚጠበቅ ባንድ ፐርሰንት አልፈልግም ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ ሥራ ያለ ሰው ያውቀዋል። እኔ በግሌ በሙያው ውስጥ ካሉ ሰዎች እንደ እሱ የማከብረው የለም። በ2024 ሲሞት ሥራ ገብቼ ቀኑን ሙሉ የእሱን ቀረጻዎች ነበር የሰማሁት።

የአልበሙን ድምፅስ ሰምታችሁታል? «ሴንትለስ አፕሬንቲስ» በድራም ብቻ ይጀምራል። የባንዱ ድራም መቺ ዴቭ ግሮል ሲመታ የምትሰማው ድራሙን ብቻ አይደለም፣ ግድግዳውንና ጣሪያውንም ነው፤ ምክንያቱም አልቢኒ ማይኮቹን ድራሙ ሥር ብቻ ሳይሆን ራቅ ራቅ አድርጎም ክፍሉ ውስጥ ተክሏቸዋል፣ ድምፁ ሄዶ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ሁሉ አብሮ ቀድቶታል። «ሚልክ ኢት» ላይ ኮቤይን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው እያጉተመተመ ይቆይና ድንገት ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፣ ማንም አላለሰለሰውም። በሌላ በኩል ደግሞ «ደምብ» አለ፤ ከድምፁ ሥር አንዲት ቼሎ፣ ትልቅ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ፣ ቀስ ብላ ትገባለች። እነዚህ ሁሉ አንድ አልበም ላይ ናቸው። ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም፣ አሁንም አዲስ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። አልቢኒ ሚክሱን አስረክቦ ባንዱ ቤቱ ሄዶ ሲሰማው ተጠራጠረ። የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎችም አልወደዱትም፣ ወሬው ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ወጣ። በዚያ ሰዓት ሁሉንም ጥሎ እንደ አዲስ ለመቅዳት ገንዘብም ሰበብም ነበራቸው። እነሱ ግን ቁጭ ብለው ቅሬታቸውን ለዩት፤ የኮቤይን ድምፅና ቤዙ በበቂ አይሰማም። ማስተር ያደረገው፣ ማለትም ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ የሠራው፣ ቦብ ሉድዊግ እነዚህን ወጣ ወጣ አደረጋቸው። ከአሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ሁለቱን ብቻ፣ «ኸርት ሼፕድ ቦክስ»ንና «ኦል አፖሎጂስ»ን፣ ስኮት ሊት የሚባል ሌላ ፕሮዲዩሰር እንደገና ሚክስ አደረጋቸው። ሌሎቹ የአልቢኒ ሚክስ እንደሆኑ በሴፕቴምበር 1993 ወጡ። አልበሙም ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበም ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ በአንደኝነት ገባ።

በሚቀጥለው ቀን ልጆቹን ጠራኋቸው። መጀመሪያ የራሳቸውን ሥራ አላሰማኋቸውም። በ2013 የወጣው የሃያኛ ዓመቱ እትም ላይ የሁለቱ ዘፈኖች የአልቢኒ ሚክስም ስላለ፣ «ኸርት ሼፕድ ቦክስ»ን በሁለቱም ሚክስ በስቱዲዮው ስፒከር አከታትዬ አጫወትኩላቸውና ልዩነቱን ንገሩኝ አልኳቸው። ከበሮ መቺው ቀደመ፤ «እዚህኛው ላይ ጊታሩ ሶሎ ሲጫወት አንድ የሚረብሽ ነገር አለበት።» ልክ ነው፣ የአልቢኒው ሚክስ ላይ ነበር፤ ሊት ያጠፋው እሱን ነው። ጆሯቸው እንዲህ ከተከፈተ በኋላ የራሳቸውን ከፈትኩና ለድምፃዊቷ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። «እህቴ፣ ያልተመቸሽ ቦታ ላይ ደቂቃውን ጻፊው» አልኳት።

ብዙ አልጻፈችም። አንዱ ዘፈን ላይ አዝማቹ ሲመጣ ክራሩ ቃሏን ይሸፍነዋል። እውነቷን ነው፣ እዚያ ጋ ግጥሙ ጠፍቷል። «ቤዙስ?» አልኳቸው። ሲመጡ ቤዝ የለውም ሲሉ ነበርና። ተያዩ። «እዚህማ ይሰማል» አለ ክራር መቺው። ለካ ሁላቸውም የሰሙት በስልክ ስፒከር ነው። የስልክ ስፒከር ደግሞ ዝቅተኛውን፣ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፣ ስለዚህ ሙሉው ሥራ ቀጭን ሆኖባቸው ነው ሁሉንም የጠሉት።

ክራሩን አዝማቹ ላይ ዝቅ፣ ድምጿን ትንሽ ወጣ። ቤዙ ላይ ደግሞ ከፍ ያለውን፣ ቀጭኑን ድምፁን ጨመር አደረግሁለት፣ በስልክም ቢያንስ የጣቱ ምት እንዲሰማ። ከሰዓት በፊት አለቀ። ከበሮው እንዳለ ቀረ። ባለቤቱ ገብቶ ቆሞ ሰማና «ታዲያ ይኼ ነበር እንዴ?» አለ፣ ክፍያውንም በዚያው ቀን ጨረሱ።

ከዚያ ወዲህ ሚክስ ስልክ ከሥሩ «በሄድፎን ስሙት፣ ያልወደዳችሁትን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ጻፉልኝ» ብዬ እጽፋለሁ። ባለቤቱም ይህንኑ ቀብድ መቀበያው ወረቀት ላይ አስገብቶታል። ከበሮ መቺው ደግሞ አልበሙን በፍላሽ ወስዶ በሳምንቱ ደወለልኝ፤ አልቢኒ የቀዳው ሌላ ምን አለህ ብሎ። «ሰርፈር ሮዛ»ን ላክሁለት።