በደንገጎ ቁልቁለት ቀዩን መስመር ያለፍኩ ዕለት

መኪናዬ 4ኤ-ኤፍኢ የተባለ 1.6 ሊትር ሞተር ያላት ኮሮላ ናት። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ስገዛት ሻጩ ባለችበት አቁሞ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠ፤ የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ቀስት የመጨረሻውን የተፈቀደ ዙር በሚያመለክተው ቀይ መስመር ላይ ደርሶ ሞተሩ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ጤንነቷን የመሰከረልኝ መስሎት በኩራት ተመለከተኝ። እኔም ልማዱን ወረስኩ፤ ጠዋት አስነሥቼ ወዲያው ማስጮህ ሞተሩን የሚያጸዳ ይመስለኝ ነበር።

መቆራረጡ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም። ሞተሩ ከተወሰነው ዙር ሲደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ዙሩ ሲወርድ ይመልሳል። ለሐረር ከተማ መታወቂያ የሆኑት አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች ነዳጅና አየርን ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅል ካርቡራተር የሚሠሩ በመሆናቸው እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የላቸውም፤ ሞተራቸውን የሚጠብቀው የሹፌሩ ጆሮ ነው።

ገደቡ ለምን እንደተበጀ ያስረዱኝ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። እርሳቸው በነገሩኝ መሠረት ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። የኔ ሞተር ፒስተን በአንድ ምት 77 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ መቶ ጊዜ ወጥቶ መቶ ጊዜ ይወርዳል፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ15 ሜትር ይበልጣል። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ፍጹም ቆሞ አቅጣጫውን መቀየር አለበት፤ ይህን የሚያስገድደው ደግሞ ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ክራንክ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ፣ ቢየላው ነው። ዙሩ እጥፍ ሲሆን በቢየላው ላይ የሚያርፈው የፒስተኑ ጉተታ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከ6,000 ወደ 8,000 ብቻ ቢያልፍ እንኳ በመቶ ሰባ ስምንት ያህል ይጨምራል። በዚህ ላይ የቫልቭ ሞላዎቹ ቫልቩን በጊዜው መመለስ ሊያቅታቸው ይችላል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ከፍተኛ ዙርን ሁሉ መፍራት ጀመርኩ፤ ይህም ሌላ ስሕተት ነበር። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረማያ ሲደረስ 2,000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ አየሩ ስለሚሳሳም የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,000 ዙር በታች፣ ነዳጁን አጥብቄ ረግጬ ስወጣ ሞተሩ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ፣ የሙቀቱ ቀስትም ከፍ ይል ነበር። በዚያው ፍጥነት በሁለተኛ፣ ወደ 3,000 በሚጠጋ ዙር ስወጣ ጩኸቱ ቢበረታም መንኳኳቱ ይጠፋል፣ ቀስቱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለሦስት ሳምንታት በደብተር እየመዘገብኩ ደጋግሜ ያየሁት ይኸው ነው።

ጉዳቱ የደረሰው ግን ስወርድ ነው። ከሐረር ስመለስ፣ በቁልቁለቱ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ልቀንስ ስል፣ የላላው የማርሽ ዘንግ ወደ ግራ ሸሸብኝና በጉልበት አንደኛ ውስጥ አስገባሁት። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ቀስቱ ቀዩን መስመር ጥሎ አለፈ፤ ኋላ በማርሹ ጥርስ ሳሰላው 7,500ን የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ ነዳጁን ቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጅ ሳይሆን ጎማው ስለነበረ መቁረጡ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ቀዩ መስመር የሚጠብቀን ከእግራችን እንጂ ከእጃችን አለመሆኑን እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከታች የሚመጣ ድፍን የመንኳኳት ድምፅ ተሰማ። መካኒኩ በቅድሚያ የዘይት መለኪያውን መዘዙ፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዶ ነበር። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ ተከፍቶ ቢየላው በክራንኩ ላይ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ ብሮንዚኖቹ፣ ሲወጡ የአንደኛው ነጭ ሽፋን ተበልቶ መዳቡ ወጥቷል። «አቦ፣ ይሄ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም» አሉኝ። «ዘይቱ ሳይደርስ እያስጮህክ በላኸው፤ ደንገጎ የቀረውን ጨረሰልህ።» ድሬዳዋ ውስጥ «አንቱ» ብዙም አይሰማምና፣ በአንተታ የመጣውን ተግሣጽ በጸጋ ተቀበልኩ።

ስለ ዘይቱ ያሉት እኔን እጅግ አሳፍሮኛል። የድሬን ሙቀት ተማምኜ ሞተሩ ሁልጊዜ የሞቀ ይመስለኝ ነበር፤ አየሩ 35 ዲግሪ ቢደርስም ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ዘይት ወደ 100 ዲግሪ በሚጠጋው የሥራ ሙቀቱ ላይ ከሚገኝ ዘይት ጋር ሲነጻጸር ወፍራም ነው፤ ወደ ላይ ወጥቶም በየቦታው እስኪዳረስ ጊዜ ይፈልጋል። የውሃው ቀስት መሐል መድረሱም አይበቃም፤ ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ይሞቃል። ቆሞ ማስጮህ ደግሞ ጭነት ስለሌለው ዙሩን በቅጽበት ያስፈነጥረዋል፣ በራዲያተሩ ውስጥም የጉዞ ነፋስ አያልፍም።

አሁን መጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ከ3,000 ሳላሳልፍ እነዳለሁ፤ ደንገጎ ላይ ሲያስፈልግ እስከ 5,000 ማድረስ አያሳስበኝም። ከጉዞ በፊት የዘይት መለኪያውን እመዛለሁ፤ ከፍ ባለ ዙር በሄድኩባቸው ሳምንታት ዘይቱ ፈጥኖ እንደሚጎድል ደብተሬ ያሳያል። የማርሽ ዘንጉን ያላሉትን ያረጁ ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹን፣ አስቀይሬአለሁ፤ ዋጋቸው ለብሮንዚኑ ሥራ ከከፈልኩት ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሞተሩ ታድሶ የወጣ ቀን የጋራዡ ወጣት ረዳት ድምፁን ሊሰማ ነዳጁን ሊረግጥ ሲል እጁን ያዝኩት፤ ዘይቱ እስኪሞቅም ሁለታችን በረንዳው ላይ ሻይ ጠጣን።