የየኔታ ድምፅ

«ጋሼ፣ ፋይል ስከፍት ድርቅ ይላል» አለኝ የጎረቤት ልጅ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ። የአያቱ የየኔታ ቅኔ እዚያ ውስጥ ተቀርጿል። ሌላ ቅጂ የለም።

ሰው «ፎርማት አርገው» ብሎታል። ወይ ጉድ! የታመመ ሃርድ ዲስክ መጀመሪያ የሚገለበጥ እንጂ የሚጠገን አይደለም፤ በሠራ ቁጥር ይብስበታል። ዲስኩን ነቅለን ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከፍላሽ አስነስተን፣ ወደ ጤነኛ ዲስክ እንዲገለብጥ ዲዲሬስኪው የሚባለውን ፕሮግራም ለቀቅንበት። ደህናውን ክፍል ቀድሞ ያነሳል፣ እምቢ ያለውን ዘሎ ኋላ ይመለስበታል። የደረሰበትንም በትንሽ ፋይል ይመዘግባል። ደብረ ማርቆስ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት እልም ብሎ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ።

ማታ ድምፁ ተከፈተ። የኔታ ሳል ሳል ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ ጉባኤ ቃና የምትባለውን አጭር ቅኔ ጀመሩ። መሃል ላይ ቁርጥ አለ። ያልተነበበው ቦታ እዚያ ጋ ነው መሰለኝ። ሁለት ቤት ብቻ ባላት ቅኔ ያቺ ቁራጭ ብዙ ናት።

ቅኔ ደግሞ አይደገምም፤ ሊቁ ነገ ሌላ ነው የሚቀኙት። ስንቱ የጎጃም ሊቅ ዛሬ በአንድ የልጅ ልጅ ስልክ ላይ ብቻ እንዳለ እንጃ። ልጁ ነገ ፍላሽ ሊገዛ ነው። ሁለት ግዛ ብዬዋለሁ።