በሚያስመሰግን ጠባይ የሚባክን ጊዜ

ስለ ጊዜ አጠቃቀም የምንሰማው ምክር ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው። በጠዋት ተነሱ፣ ዕቅድ አውጡ፣ ስልካችሁን አርቁ። ክፉ ምክር አይደለም። ግን እኛ ጋ ደብረ ብርሃን አንድ ቢሮ ገብታችሁ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሠራተኞችን ብታዩ፣ ሁሉም ከጠዋቱ 2:30 ገብተው 11:30 ይወጣሉ፣ ሰዓታቸው የሚያልቅበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የኔ እምነት ይህ ነው፦ ሰው ጊዜውን በብዛት የሚያጣው በሚመሰገንበት ጠባዩ በኩል ነው። ለዚህም ነው ሳይታወቀው ዓመት የሚያልፈው። የተመሰገነበትን ነገር ማን ይጠረጥራል?

ጥንቁቁን ሰው እንውሰድ። ቁጥር አይስትም፤ አለቃው ሳያነብ ይፈርምለታል። የወሩ ሪፖርት ሐሙስ አልቋል። አርብን ግን ፎንት ሲቀይር፣ ሠንጠረዥ ሲያሰፋና ሲያጠብ፣ «ተከናውኗል» ያለውን «ተፈጽሟል» ሲያደርግ ይውላል። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ፓርኪንሰን በፈረንጆቹ 1955 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ እንደጻፈው፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል። ይህን ሰው «ፍጠን» ብትሉት ይከፋዋል እንጂ አይፈጥንም። የሚረዳው ሳይጀምር ማብቂያውን መወሰን ነው። ማን ያነበዋል? ምን ሊወስንበት? የሂሳብ ሰነድ ከሆነ ሁለቴ ይታረም። የስብሰባ ጥሪ ከሆነ አንዴ ታይቶ ይሂድ።

ከሁሉም በላይ አንጀቴን የምትበላኝ ግን እምቢ ማለት የማትችለው ናት። የሌለችበት ቢሮ የለም። «እታለም፣ ይቺን ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ» ይላታል አንዱ። ሌላው ፕሪንተሩ አስቸገረኝ ብሎ ይጠራታል። የዕድሩ ሰው የስም ዝርዝር ይዞ ከች ይላል። ለሁሉም እሺ ትላለች፣ የራሷ ፋይል እንደተከመረ 11:30 ይሆንና ሥራዋን በፌስታል ይዛ ወደ ቤት ትሄዳለች፣ እዚያ ደግሞ ልጆቿና እራቱ ይጠብቋታል። «እምቢ ማለት ልመጂ» የሚል ምክር ለሷ አይሠራም። ታላቅ ሰው ለምኗት ፊት ለፊት እምቢ ማለት ሸዋ ውስጥ ላደገች ልጅ እንዴት ይሆንላታል?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በፈረንጆቹ 1999 የጻፈው ሐሳብ እዚህ ላይ ይደርስላታል። «ይህ ሲመጣ፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የቆረጠ ሰው፣ በደፈናው ካሰበ ሰው የተሻለ ይፈጽማል ይላል። ይሉኝታ የሚይዘን መልስ ሳናዘጋጅ ስለሚደርስብን ነው። ስለዚህ ቃሉ ከቤት ተዘጋጅቶ ይምጣ። «እሺ ጋሼ፣ እጄ ላይ ያለውን ልጨርስና ስምንት ሰዓት ላይ አደርስልዎታለሁ።» አክብሮቱ አልጎደለም፣ ጠዋቱም ተረፈ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ከመሐል ሜዳ ከተማ በሌሊት ተነስቶ የመጣን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» ማለት ጊዜ መቆጠብ አይደለም። የሱ አንድ ቀን ሥራው፣ ትራንስፖርቱና የአልጋ ኪራዩ ነው። መቀነስ ያለበት የባልደረባ ትርፍ ሥራ ነው።

ተጫዋቹም አለ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ አጥንት ይሰብራል፣ ፀሐይ መሞቁም ተገቢ ነው። ወሬው ግን እስከ አራት ሰዓት ይጎትታል። ይህን ሰው ብቻውን ብትዘጉበት ሥራው አይንቀሳቀስም። ጠዋት ባለጉዳይ ያስተናግድ፣ ፋይል ከጓደኛው ጋር ይመርምር፣ ወደ ፀሐዩም አንድ ሥራ ጨርሶ ይውጣ።

አዲስ ነገር ባየ ቁጥር የሚነሳሳው ደግሞ ብዙ ሥራ ይጀምርና አንዱንም አይዘጋም። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2009 እንዳሳየችው፣ አንዱን ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዘል ሐሳባችን በከፊል ፊተኛው ላይ ይቀራል። መዝለሉ ግድ ከሆነ፣ የት እንደደረሰና ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ አንድ መስመር ጽፎ ይሂድ።

ሰውን በአራትም በአሥራ ስድስትም የሚከፍሉ መጠይቆች ሞልተዋል። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሰዓታችሁ የት እንደሄደ ብትጽፉ፣ አጠገቡም ያን ቀን ሰው በምን እንዳመሰገናችሁ ብታሰፍሩ፣ ከመጠይቁ የበለጠ ይነግራችኋል ባይ ነኝ።

አለቆችም ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ለጥንቁቁ አጠር ያለ ቀነ ገደብ ስጡት። ለሚነሳሳው ሥራውን አስጀምሩትና የሚጨርስ ሰው አጣምሩለት። እምቢ የማትለዋን ደግሞ አዲስ ሥራ ከመጨመራችሁ በፊት «አሁን እጅሽ ላይ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቋት። ካልጠየቃችኋት እሷ አትነግራችሁም።