80 ላይ ነቅሎ መሄድን እስክማር

በኤሌክትሪክ መኪናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ መንገድ የወጣሁ ቀን፣ ቻርጀሩ ላይ በትልቁ «150 ኪሎዋት» ተጽፎ ሳይ ደስ አለኝ። የእኔ ባትሪ የሚይዘው 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 60ን ለ150 አካፈልኩ። ባዶው እንኳ በ24 ደቂቃ ይሞላል። እኔ ደግሞ 62 ፐርሰንት አለኝ፤ 10 ደቂቃም አይፈጅም ብዬ ኬብሉን ሰካሁና እግሬን ላፍታታ ሄድኩ።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር 150 አይደለም። 100ም አይደለም። 34 ነው። ማለዳ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ እኔም ግትር ነበርኩ። «አንዴ ከቆምኩ አይቀር ጢም ይበል» ብዬ እስከ 100 ጠበቅኩ። 58 ደቂቃ ፈጀ። የገባው 23 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በአማካይ ሲሰላ 24 ኪሎዋት፤ ከተጻፈው ቁጥር አንድ ስድስተኛውን እንኳ አላገኘሁም ማለት ነው። ጉዱ ደግሞ ሂሳቡ ሲመጣ ታየ። ጣቢያው የሚያስከፍለው በደቂቃ ነበር።

ለአዲስ ሰው አንድ ነገር ላጥራ። ኪሎዋት ፍጥነት ነው፤ ከቧንቧው ምን ያህል እንደሚወርድ። ኪሎዋት ሰዓት መጠን ነው፤ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው። እኔ የዚያን ቀን ለባልዲው ሳይሆን ከቧንቧው ሥር ለቆምኩበት ጊዜ ነበር የከፈልኩት።

ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ ማስታወሻ ደብተር አስቀመጥኩ። ስንት ፐርሰንት ላይ ደረስኩ፣ ስንት ላይ ነቀልኩ፣ ስንት ደቂቃ ቆየሁ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ገባ፣ ስንት ከፈልኩ፣ አየሩ እንዴት ነበር። ባለቤቴ «የዱቤ መዝገብ አስመሰልከው» ብላ ሳቀችብኝ። ደብተሩ ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ወጪውን መለሰ።

በደብተሩ ጎልቶ የወጣው ነገር ይሄ ነው። ሞቅ ባለ ቀን ከ10 ወደ 80 ፐርሰንት ለመድረስ 31 ደቂቃ ይበቃኛል፤ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይገባል። ከ80 ወደ 100 ለመድረስ ደግሞ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚገባው ግን 12 ብቻ። ተሳስቼ የጻፍኩ መስሎኝ ሌላ ቀን ደግሜ ለካሁት። ያው ነው።

ምክንያቱ ባትሪው ውስጥ ነው። ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ከባትሪው አንድ ወገን (ካቶዱ) ተነስተው በሌላው ወገን ያለው ግራፋይት ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ። አውቶቡስ ሲሞላ አስቡት። መጀመሪያ የገባው ያማረውን ወንበር ይመርጣል። መጨረሻ የመጣው «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ መግፋት አለበት። ባትሪው ሊሞላ ሲል በግድ ቢገፋ ሊቲየሙ ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል። ያ ባትሪ ይገድላል። ብርድ ሲሆን ደግሞ አዮኖቹ ራሳቸው ይፈዛሉና ችግሩ ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር «ቀስ በል» ይላል። ቻርጀሩ አይገፋም። የሚሰጠው መኪናው የጠየቀውን ብቻ ነው። ለካ እኔ ስንት ጊዜ ቻርጀሩን የረገምኩት በከንቱ ኖሯል።

ሁልጊዜ በከንቱ ግን አልነበረም። አንዳንዴ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፤ ይሄን የተማርኩት ከጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ስጀምር ነው። ኃይል ማለት ቮልት (ግፊቱ) ሲባዛ በአምፔር (ፍሰቱ) ነው። የእኔ መኪና ባትሪ 400 ቮልት ከሚባለው ወገን ነው፤ ግማሽ ግድም ሲሆን ወደ 370 ቮልት ያሳያል። ቻርጀሩ ከ200 አምፔር በላይ የማይሰጥ ከሆነ 370 ሲባዛ በ200፣ 74 ኪሎዋት ነው። ላዩ ላይ 150 ቢጻፍም ለእኔ 74 ነው፤ አለቀ። ያው ቻርጀር 800 ቮልት ለሆነ መኪና ግን የተጻፈውን ሊሰጥ ይችላል። ሀዩንዳይ «አዮኒክ 5 በ350 ኪሎዋት ቻርጀር ከ10 ወደ 80 ፐርሰንት በ18 ደቂቃ ይደርሳል» የሚለው መኪናው 800 ቮልት ስለሆነ ነው። የእኔን መኪና እዚያው ብሰካው ከራሷ ጣሪያ፣ ከ110 ኪሎዋት አታልፍም። የድሮዎቹ 50 ኪሎዋት ቻርጀሮች ደግሞ ብዙዎቹ 125 አምፔር ላይ ይቆማሉ። በእኔ መኪና 46 አካባቢ ነው የሚሰጡት። አሁን ጣቢያ ስመርጥ ትልቁን ቁጥር ትቼ አምፔሩን ነው የማየው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በ105 ኪሎዋት ደስ ብሎኝ እየሞላሁ ሳለ አንድ መኪና አጠገቤ መጥቶ ተሰካ። ወዲያው ወደ 73 ወረደብኝ። ተበላሸ ብዬ ነቀልኩ፤ ሌላ ቦታ ሄጄ እንደገና ሰካሁ፤ የመነሻ ክፍያም ድጋሚ ከፈልኩ። ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ። ሁለቱ ኬብሎች የሚወጡት ኃይል ከሚሰጥ ከአንድ ሳጥን፣ ካቢኔት ከሚሉት ነው፤ ኃይሉን ይካፈላሉ። አሁን ቦታ ካለ ጎረቤቱ ባዶ የሆነውን ነው የምይዘው። ሌላውም ሰው ይጠቀማል፣ እኔም እጠቀማለሁ።

ስለ ብርዱ ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ግን አንድ ክረምት ሙሉ አላወቅኩትም። መኪናዬ ባትሪውን ቀድማ ማሞቅ ትችላለች። የምታሞቀው ግን ወደ ቻርጀር እየሄድኩ መሆኑን ካወቀች ብቻ ነው። እኔ ደግሞ መንገዱን ስለማውቀው በስልኬ ካርታ ወይም በልቤ ነበር የምሄደው። አንድ ቀን የመኪናውን ካርታ ከፍቼ ጣቢያውን መድረሻ አደረግኩት። በዚያው ብርድ፣ በዚያው ቻርጀር፣ 38 የነበረው 95 ሆነ። ለማሞቂያው 2 ወይም 3 ኪሎዋት ሰዓት ከባትሪው ይበላል። ደቂቃ ለሚያስከፍል ጣቢያ ግን በጣም አዋጭ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሰው የሚጠይቀኝም እሱን ነው።

በደብተሬ የቤቴን ቆጣሪ ዋጋ 1 አልኩት። በዚያ ልክ በሕዝብ ቦታ ያለው ዘገምተኛ ቻርጀር 1.6 ወጣ፤ ፈጣኑ 3 እና ከዚያ በላይ። መጀመሪያ ብዝበዛ መሰለኝ። በኋላ አንድ የሙያው ሰው አስረዳኝ። የኤሌክትሪክ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ ትልልቅ ደንበኞችን የሚያስከፍሉት በተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ በአንድ አፍታ በጎተቱት ከፍተኛ ኪሎዋትም ጭምር ነው። አራት መኪና አንዴ ተሰክቶ ጣሪያውን ከነካ፣ የቀረው ወር ጣቢያው ባዶ ቢውልም ያ ክፍያ አይቀርም። ትራንስፎርመሩና ካቢኔቱ ራሱ ርካሽ አይደለም። ደንበኛ የሌለው ጣቢያ ይሄን ሁሉ በጥቂት መኪና ላይ ነው የሚያከፋፍለው። ስለዚህ 3 እጥፉ ሙሉ በሙሉ ስግብግብነት አይደለም። ግማሹ ሊሆን ይችላል።

ዋናው ነገር አከፋፈሉ ነው። በኪሎዋት ሰዓት ሲሆን ዘገየ ፈጠነ ኪሴ አይነካም፤ የሚባክነው ጊዜዬ ነው። በደቂቃ ሲሆን ከ80 በላይ መቆየት ገንዘብ ማቃጠል ነው። በደብተሬ፣ በደቂቃ በሚያስከፍል ጣቢያ የመጨረሻዋ 20 ፐርሰንት በኪሎዋት ሰዓት ሲሰላ ከፊተኛው 70 ፐርሰንት አራት እጥፍ ያህል ወጣችብኝ። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ላይ ሕግ አውጥቷል። ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 2024 ጀምሮ በሚተከል፣ 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ በሆነ የሕዝብ ቻርጀር ያለ ውል መጥቶ የሚሞላ ሰው የሚከፍለው ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት መሰላት አለበት። በደቂቃ የሚታሰብ የመቆያ ክፍያ ግን ሊጨመርበት ይችላል።

መቆያ ክፍያን በራሴ ቀምሼዋለሁ። 80 ላይ እንዲያቆም አዝዤ ሄድኩ። አፑ 25 ደቂቃ ስላለኝ 25 ደቂቃ አመንኩት። በ19ኛው ጨርሶ ነበር። እኔ ከሰው ጋር ወሬ ይዤ ቆየሁ፤ ስመለስ መኪናዬ ለመቆም ብቻ እየከፈለች ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ አላርም የምሞላው አፑ ካለው አምስት ደቂቃ ቀደም አድርጌ ነው።

ወርሃዊ አባልነት ደግሞ ሌላው ወጥመዴ ነበር። «25 ፐርሰንት ቅናሽ» ሲባል ማን ይቀራል? ተመዘገብኩ። ስሌቱን የሠራሁት ከአራት ወር በኋላ ነው። ወርሃዊ ክፍያው የ20 ኪሎዋት ሰዓት ሙሉ ዋጋ ያህል ነበር። ቅናሹ ሩብ ስለሆነ፣ ክፍያውን ለማካካስ ብቻ በወር 80 ኪሎዋት ሰዓት መሙላት አለብኝ። የእኔ ደግሞ በአብዛኛው ወር 45 አይሞላም፤ ሌላውን ቤት ነው የምሞላው። አራት ወር ሙሉ ቅናሽ እያገኘሁ ስከስር ኖርኩ። አሁን መንገድ ባለብኝ ወር ብቻ እገባለሁ፤ ወሩ ሳያልቅ እሰርዛለሁ።

ደረሰኙና መኪናው አለመስማማታቸው ካስጨነቃችሁ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ማንም አልሰረቃችሁም። ባትሪዬ 33 ገባልኝ ሲል ደረሰኙ 35 ይላል። ልዩነቱ ሙቀት ሆኖ የወጣ፣ እንዲሁም ባትሪውን ለማቀዝቀዝ ወይም ለማሞቅ የተበላ ነው። በካርድ ስትከፍሉ ቀድሞ የሚያዘው ትልቅ ገንዘብም አያስደንግጣችሁ፤ መያዣ ነው፣ ትርፉ ይመለሳል። እኔን ግን ካርዴ ላይ ብዙ ባልነበረበት ቀን አንዴ መንገድ ላይ ሊያስቀረኝ ነበር።

ይሄን ሁሉ ይዤ ያንኑ የመጀመሪያውን መንገድ፣ 500 ኪሎ ሜትሩን፣ እንደገና ሄድኩት። መኪናዬ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። በመጀመሪያው ጉዞ ባትሪው እንዳያልቅ ፈርቼ ሁለቴ ቆሜያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና ብዙ እያለኝ ነው የሰካሁት። በድምሩ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። በሁለተኛው ጉዞ ቤት ሞልቼ ወጣሁ፤ 300 ኪሎ ሜትር ላይ በ10 ፐርሰንት ደረስኩ። ልቤ ትንሽ መትታለች፤ አልዋሽም። እስከ 70 ሞልቼ ነቀልኩ። 25 ደቂቃ። መድረሻዬ ስገባ 10 ፐርሰንት ነበረኝ። በ10 ለመድረስ ግን የምሄድበት ጣቢያ መሥራቱን በአፑ አይቼ፣ ከዚያ በፊት ያለውንም መጠባበቂያ አድርጌ ነው። ቻርጀሩ አንድ ብቻ በሆነበት መንገድ እንዲህ አልደፍርም።

ቀስ ብሎ መንዳት ጊዜ ይቆጥባል ሲሉም እሰማ ነበር። እሱንም ሞከርኩት። በ120 ስነዳ 100 ኪሎ ሜትሩ 50 ደቂቃ፤ በ100 ስነዳ 60። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጆታ ልዩነት በእኔ መኪና 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ጥሩ ቻርጀር ላይ 4 ኪሎዋት ሰዓት የ3 ደቂቃ ጉዳይ ናት። 3 ለማትረፍ 10 መክሰር አይሆንም። ገንዘብ ግን ይቆጥባል። ቀጣዩ ጣቢያ በ20 ኪሎዋት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ 4ቷ 12 ደቂቃ ትፈጃለች፣ ያኔ ቀስ ያለው ይቀድማል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጣቢያ ደረስኩ፤ 12 ፐርሰንት ቀርቶኛል። ያሉት ሁለት ቻርጀሮች ናቸው፤ አንደኛው አይሠራም። በሚሠራው ላይ አንድ አዛውንት መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ብዙ ይቀርዎታል?»

«የለም ልጄ፣ 6 ፐርሰንት ብቻ ነው የቀረኝ። አሁን ያልቃል።»

እንዳልነግራቸው አፈርኩ። ወንበሬን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርጌ ደብተሬን አወጣሁ። 21 ደቂቃ ፈጀ፤ ጽፌዋለሁ።