ሊዮን ውስጥ የቀዘቀዘ ቀይ ወይን

ሊዮን የገባሁት ሐሙስ ማታ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ሆቴሉ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የሐምሌ ሙቀት ክፍሉን ምድጃ አድርጎታል፣ መስኮቱ ደግሞ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም። የአዲስ አበባ ሐምሌ ናፈቀኝ፤ ዝናቡ፣ ድርብ ብርድ ልብሱ።

እራት የበላሁበት ቤትም አናዶኛል። አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን 9 ዩሮ! ያውም ፀሐይ ላይ የዋለ ይመስል ለብ ያለ። ፈረንሳይ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው እንዴ?

ዓርብ ምሳ ላይ ግን ተካስኩ። አሮጌው ሰፈር ውስጥ ቡሾን የሚሏቸው ጠበብ ያሉ ምግብ ቤቶች አሉ። ጠረጴዛዎቹ ስለሚጠጋጉ ከጎረቤት ጋር ክርን ለክርን ትነካካላችሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አዛውንት የወይን ዝርዝሩን ሳገላብጥ አይተው፣ በእንግሊዝኛ ቀስ ብለው፣ «ጠርሙሱን ተይው፣ ፖ እዘዢ» አሉኝ።

ፖ የሊዮን የራሷ ጠርሙስ ናት። 46 ሳንቲ ሊትር ትይዛለች። መቀመጫዋ ወፍራም መስታወት ስለሆነ ስታነሷት ከበድ ትላለች። ወረቀት አልተለጠፈባትም፤ ቤቱ የራሱን ወይን እየቀዳ ያቀርብባታል። ብርሌ ትዝ አለችኝ። ብርሌ ይዞ የማን ፋብሪካ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ጠጁ ከጣፈጠ በቃ። ሒሳቡ 14 ዩሮ መጣ፤ ለሁለት ሰው ይበቃል።

የተቀዳልኝ ቦዦሌ ነበር፣ ከሊዮን በስተሰሜን ካሉት ኮረብታዎች። የገረመኝ ቅዝቃዜው ነው። ቀይ ወይን ቀዝቅዞ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትየዋ አስረዱኝ። ጋሜ የሚባለው የወይን ዘር ምላስ የሚያደርቀው ነገር ትንሽ ስለሆነ፣ ቢቀዘቅዝ ይበልጥ ይጣፍጣል። እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። እኛ ጋ ቀይ ወይን ሲከብደን ኮካ እንጨምርበታለን፤ ይሄ ምንም አልፈለገም።

ቅዳሜ በባቡር ቤልቪል ወረድኩ። ከዚያ ፍለሪ የምትባል የቦዦሌ መንደር ያደረሰኝ ታክሲ 35 ዩሮ ተቀበለኝ። በዚያ ገንዘብ ሦስት ጠርሙስ ይገዛ ነበር፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ፍለሪ ስደርስ ግን ልቤ ረጋ። ከመንደሩ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ የማርያም ጸሎት ቤት አለች። ማርያምን ከፍታ ላይ ሳያት አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ዙሪያዋን ወይን ብቻ ነው።

ወይን የሸጡልኝ ሰውዬ ከመሬት ሮዝ አሸዋ ዘግነው አሳዩኝ፤ የተፈረፈረ ግራናይት የሚባል ድንጋይ ነው። በ1395 በስተሰሜን ያለው የቡርጎኝ ግዛት መስፍን ፊሊፕ፣ የጋሜ ዘር ከግዛቱ እንዲነቀል አዝዞ ነበር። እዚህ ግራናይቱ ላይ ግን ተስማምቶት ቀረ። እዚያው ቀመስኩት፤ የተናቀ ዘር ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ፣ አንዱ 11 ዩሮ። «ከመክፈትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው» አሉኝ።

ጠርሙሶቹን ሹራብ ጠቅልዬባቸው አዲስ አበባ በሰላም ገቡ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከጉደር ሌላ ወይን ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። እሁድ ከጥብስ ጋር ከፈትኩለት። አንዴ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው።

«ስንት ነው ያልሽኝ?» አለ።

ነገርኩት። ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ጨምሪልኝ እስቲ።»