የጀልባዋ ወለልና ኮርች

አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ጎረቤቴ ባሕር ዳር ያለችው ወርክሾፔ መጣና ለጣና ጀልባው አዲስ ወለል ሥራልኝ አለኝ። የፈለገው በዋንዛ ነበር። ዋንዛን እኔም እወዳለሁ፣ ግን ለዚያች ትንሽ ጀልባ ይከብዳታል። «በኮርች ልሥራልህ» ስለው ደነገጠ። «የአጥሩን ኮርች? ስረግጠው ይሰረጉዳል እኮ!»

እውነቱን ነው፣ ብቻውን ከሆነ ይሰረጉዳል። ጉልበቱ ያለው ከላይና ከታች የሚለበጠው ፋይበርግላስ (በመስታወት ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ) ላይ ነው። ስትቆሙበት ላይኛው ሽፋን ይጨመቃል፣ ታችኛው ይለጠጣል፣ የእንጨቱ ሥራ ሁለቱን አራርቆ መያዝና እንዳይንሸራተቱ ማድረግ ነው። አንድ ፋይበርግላስ ለሁለት ተሰንጥቆ መሀሉ ቀላል እንጨት ቢገባና ጠቅላላ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ያለመጉበጥ አቅሙ ወደ 7 እጥፍ ያድጋል። ውፍረቱ 4 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ወደ 37! የሚጨምረው ክብደት ግን የዚያ ቀላል እንጨት ብቻ ነው። እኔን ሁሌም ይገርመኛል።

ሌላው ዓለም ለዚህ የሚጠቀመው ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ነው፣ በብዛት ከኢኳዶር የሚመጣ። የነፋስ ተርባይን ክንፍ ውስጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንጆቹ 1940 የበረረው ሞስኪቶ የሚባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን እንኳ ገላው በኮምፖርሳቶ መሀል የገባ ባልሳ ነበር። እኔ ባልሳ ስላላገኘሁ ኮርችን በደንብ አድርቄ ሞከርኩ።

ግንዱን በቁመቱ አልሰነጠቅሁትም። እንደ ሸንኮራ አገዳ አግድም እየቆረጥኩ፣ ክሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጌ፣ እንደ ሴራሚክ ደረደርኩት። እንጨት የሚበረታው በክሩ በኩል ነው፤ ከቆመ ተረከዝ አይሰረጉደውም፣ ውሃ ቢገባም ወደ ጎን ቶሎ አይሄድም።

ቶሎ አይሄድም እንጂ መሄዱ አይቀርም። መቀመጫውን ያሰርኩበትን የብሎን ቀዳዳ ሳልደፍነው ቀርቼ ነበር። ዘንድሮ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ሌላው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ እዚያ ዙሪያ ታፈነብኝ። ሽፋኑን ስከፍት እንጨቱ ፍትፍት ሆኗል። በጣም አዘንኩ፤ ሰውየው እኔን አምኖ ነው ልጆቹን የሚያሳፍርበት።

የበሰበሰውን አውጥቼ፣ አድርቄ፣ በአዲስ ተካሁለት። አሁን መጀመሪያ ከብሎኑ በጣም የሚሰፋ ቀዳዳ እበሳለሁ፣ ኢፖክሲ በሚባለው ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ ጢም አድርጌ እሞላዋለሁ፣ ሲጠነክር መሀሉን በብሎኑ ልክ እንደገና እበሳለሁ። ብሎኑ እንጨቱን ጨርሶ አይነካውም። ጠርዙንም ዙሪያውን በኢፖክሲ እዘጋለሁ፣ ሥራው አንድ ቀን ቢጨምርብኝም።