ካፕ ሃይሲየን፦ ጎዳናዎቿ በፊደልና በቁጥር የሚጠሩ ከተማ

በሰሜን ሄይቲ፣ ካፕ ሃይሲየን ውስጥ አድራሻ ስጠይቅ የሚነገረኝ የጎዳና ስም አይደለም። ከባሕሩ ጎን ለጎን የሚሄዱት መንገዶች በፊደል፣ የሚያቋርጧቸው በቁጥር ይጠራሉ፤ «ሩ 20 ዤ» ቢባል 20ኛው መንገድ «ዤ»ን የሚያገኝበት ማዕዘን ነው። አጠራሩን ያመጡት ከ1915 እስከ 1934 (ሁሉም በፈረንጆች አቆጣጠር) አገሪቱን ይዘው የቆዩት የአሜሪካ ማሪኖች (የባሕር እግረኛ ወታደሮች) ናቸው።

ጉብኝቱን ከወደቡ የጀመርኩት የዚያ ወረራ ሥር ጉምሩክ ስለሆነ ነው። ፈረንሳይ የቀድሞ ቅኝ ግዛቷን ነፃነት ለማወቅ በ1825 የጦር መርከብ አሰልፋ ያስፈረመችው የ150 ሚሊዮን ፍራንክ «ካሳ»፣ በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢወርድም፣ ሄይቲን ከብድር ወደ ብድር አንከባለላት። የመንግሥቱ ገቢ ደግሞ በአብዛኛው የጉምሩክ ቀረጥ ነበር፤ በተለይ የቡና። በዲሴምበር 1914 ማሪኖች ከፖርቶፕሬንስ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጭነው ወደ ኒውዮርክ ወሰዱ። ጁላይ 28 ቀን 1915 ፕሬዚዳንት ቪልብሩን ጊዮም ሳም በተገደሉበት ዕለት ወታደር አወረዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጉምሩኮቹን ያዙ።

በዚያው ዓመት በሄይቲና በአሜሪካ መካከል የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 5፣ ቀረጡ በምን ተራ እንደሚከፋፈል ይደነግጋል። መጀመሪያ የአሜሪካዊው ቀረጥ ሰብሳቢና የገንዘብ አማካሪው ደመወዝና ወጪ ይነሣል። ከዚያ የዕዳው ክፍያ፣ ከዚያ በአሜሪካ መኮንኖች የሚታዘዘው ጄንዳርም፣ ማለትም የሄይቲ የጸጥታ ኃይል። የሄይቲ መንግሥት የሚደርሰው ትራፊው ነው። ወረራው ዕዳ ለማስከፈል ብቻ ነበር የሚለውን ክርክር አልቀበልም፤ በ1920 መንግሥቱ አልታዘዝ ሲል አማካሪው የፕሬዚዳንቱንና የሚኒስትሮቹን ደመወዝ ሳይቀር ያዘባቸው።

ወደ ጎናይቭ የሚወስደው መንገድ ፕሌዛንስን አልፎ ፒልቦሮ ተራራ ላይ ይጠማዘዛል። ወታደር በፍጥነት ለማንቀሳቀስ መንገድ ያስፈልግ ነበር፤ ገንዘቡ ግን ወደ ዕዳው ሄዷል። ስለዚህ በ1864ቱ ሕግ የነበረውን የግዳጅ ሥራ፣ ኮርቬን፣ ቀሰቀሱት። ሕጉ ገበሬው ጥቂት ቀን በገዛ ወረዳው እንዲሠራ ነበር የሚለው። በተግባር ግን ሰውን በገመድ አስሮ ከቀዬው ማራቅና ለሳምንታት ማቆየት ሆነ። ዐመፁን ያቀጣጠለው ይህ ነው።

የሂንቹ መኮንን ሻርልማኝ ፔራልት አምስት ዓመት ተፈርዶበት፣ የእስረኛ ልብስ ለብሶ፣ እነዚሁኑ የካፕ ጎዳናዎች ይጠርግ ነበር። በ1918 አምልጦ ካኮ የሚባሉትን ዐማፂያን መራ፤ በ1919 መገባደጃ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ሰፈሩ የገቡ ማሪኖች ገደሉት። ሬሳውን በር ላይ አስረው ፎቶ አነሡና መሞቱን ሰው እንዲያምን በየቦታው በተኑት። ፎቶውን ቀረብ ብዬ ሳየው ወገቡ ላይ ቁራጭ ጨርቅ፣ ራስጌው ባንዲራ አለ፤ አንገቱ ዘንበል ብሏል። ካቶሊኩ ገበሬ ያየው ስቅለትን ነው። መቃብሩ እዚሁ ካፕ ነው።

ወታደሩ በ1934 ወጣ፤ የአሜሪካ የገንዘብ ቁጥጥር ግን እስከ 1947 ቀጠለ። በ1935 ጣልያን ሲወረን በጄኔቭ ተነሥተው ለኢትዮጵያ የተሟገቱት የሄይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር የተናገሩት፣ የገዛ አገራቸው ካዝና ገና በሌላ እጅ እያለ ነው።